ስም ያጣው ሰደፍ

የአርበኞች ታሪክ ሲተረክ ጠመንጃው በስሙ ይጠራል፤ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ወጨፎ። ብረቱን የተሸከመው እንጨት ግን ስም የለውም።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. እነ ጃገማ ኬሎ በጅባትና ሜጫ ምድር ጣልያንን ሲፋለሙ ጥይት ብርቅ ነበር። ውጅግራ ደግሞ አንድ ተኩሶ አንድ የሚያጎርሱት አሮጌ መሣሪያ ነው፤ ዒላማ የሳተ ተኳሽ ሁለተኛ ዕድል እምብዛም አያገኝም።

ዒላማን የሚያስተው ዓይን ብቻ አይደለም። ዝናብ የጠጣ እንጨት ያብጣል፤ አብጦም አፈሙዙን ወደ ጎን ይገፋል። የተሰነጠቀ ሰደፍ ሲተካ፣ ጥሬ እንጨት ስለሚጣመም በሚገባ የደረቀ ዋንዛ ይሻላል። ከዚያ ብረቱን ጥላሸት ቀብቶ እንጨቱ ላይ ማሳረፍ፣ የጠቆረውን ጉብታ ብቻ በስሱ መፋቅ፣ ደግሞ ማሳረፍ ነው፤ ሁለቱ ያለ ክፍተት እስኪስማሙ።

ይህን የሚችል እጅ ግን በአገራችን «ጠይብ»፣ «ቀጥቃጭ» እየተባለ ተሰድቧል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ዐዋጁን ተሻግሮ ኖረ።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ፊርማ የጎደለው ሰነድ ሲቀርብልኝ እመልሳለሁ። በድላችን መዝገብ ላይ የእነዚያ ባለ ሙያዎች ፊርማ እስከ ዛሬ ጎድሏል።