የቦይ ስምና የመጥረግ ፈቃድ፦ ከገዚራ እስከ አማራ ደጋ

ከካርቱም በስተደቡብ፣ በጥቁርና በነጭ ዓባይ መካከል የሚገኘው የገዚራ እርሻ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1925 የሴናር ግድብ ሥራ ከተፈጸመ በኋላ ነው። የቦዮቹ ስሞች የሥልጣን ወሰንንም ያመለክታሉ። «ቱርዓ» የሚባሉትን ቦዮች ከደለል የሚያጸዳው የመስኖ ሚኒስቴር ነበር፤ «ነምራ» የተባለውን የ90 ፈዳን ማሳ የሚያጠጣው «አቡ ዒሽሪን» በገዚራ ቦርድ ሥር ሲሆን፣ የመጨረሻው ቦይ «አቡ ሲታ» የገበሬው ድርሻ ነበር። «አቡ» በጥሬው «አባት» ቢሆንም፣ ከቁጥር ጋር ሲጣመር የአማርኛውን «ባለ» ይመስላል።

ትርፉን ውሃ የሚያስወጣው «መስረፍ» ግን ለብቻ አይጠረግም። ጥቁሩ የሸክላ አፈር ውሃ በቀላሉ ስለማያሰርግ፣ መስረፉ በደለል ሲሞላ ዝናቡ ማሳው ላይ ይተኛል፤ አንዱ ብቻውን ቢቆፍር ደግሞ ውሃው ጎረቤቱ ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የገዚራ ሕግ የማሳ ቦዮችን አስተዳደር ለውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ሰጠ፤ ባለሥልጣኑ ሲለወጥ ስሞቹ ግን ጸኑ።

በአማራ ደጋ «ፈሰስ» የሚባለው ትልም በገበሬው ማረሻ ይወጣል። ስሙ ከ«ፈሰሰ» ጋር የሚዛመድ ስለሆነ የውሃውን ድርጊት እንጂ የቦዩን ደረጃ ወይም ቁጥር አይናገርም፤ ስምምነት የሚያሻውም በታች ካለው ባለማሳ ጋር ነው። የቦይ ቃላትን የሚሰበስብ መዝገበ ቃላት እንግዲህ ከፍቺው አጠገብ የመጥረግ መብቱ የማን እንደሆነ ሊመዘግብ ይገባል።