ከወጌሻው ቀርከሃ እስከ ኮምፒውተሩ ስሌት፦ የስንጥቅ ጥናት ታሪክ

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በወግዲና በመካነ ሰላም አካባቢ፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ገጠር ሁሉ፣ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ከጤና ተቋም አስቀድሞ ወጌሻ ዘንድ መድረሱ እንግዳ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ወጌሻዎች ለስብራት ማሰሪያ ከሚጠቀሙባቸው ነገሮች አንዱ ቀርከሃ ነው። ምርጫው የሚናቅ አይደለም፤ የቀርከሃ ጭረት ከውስጥ ሳሳ ብሎ ወደ ውጭ እየጠበቀ ይሄዳልና። የሚያስረው አጥንትም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ ስፖንጅ መሰል፣ ውጩ ጥብቅ።

መሐንዲሶች ጠባዩ ቀስ በቀስ የሚለወጥ ቁስ ለመሥራት በስፋት የተነሡት ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የጃፓን ተመራማሪዎች ለጠፈር አውሮፕላን ሙቀት የሚከላከል አካል ሲሹ፣ ሴራሚክና ብረት በአንድ መስመር ሲጋጠሙ መጋጠሚያው እንደሚሰነጠቅ ያውቁ ነበር። ስለዚህ አንዱን በሌላው ውስጥ በደረጃ አዋሐዱ።

የስንጥቅ ሳይንስ ግን ከዚያ ይቀድማል። ኢንግሊስ በ1913 በቀዳዳ ጫፍ ኃይል እንደሚከማች አሰላ፤ ግሪፊዝ በ1921 መስታወት ለምን ከተጠበቀው በታች በሆነ ጫና እንደሚሰበር በጥቃቅን ስንጥቆች አስረዳ። በ1983 ደላሌና የቱርክ ተወላጁ ኤርዶጋን ጥንካሬው ከቦታ ቦታ በሚለያይ ቁስ ውስጥ ያለን ስንጥቅ መረመሩ።

አስቸጋሪው ሁለት ስንጥቆች ሲቀራረቡ ነው። በአንድ መስመር ጫፍ ለጫፍ የተያዩ እንደሆነ አንዱ የሌላውን ጫና ያባብሳል፤ ጎን ለጎን ትይዩ ከሆኑ ግን ይከላለላሉ። ቁሱ ራሱ በየቦታው ሲለያይ መንገዳቸው ይታጠፋል፤ በእጅ ስሌትም አይደረስበትም። በ1960 ስሙን ያገኘው የውሱን ክፍልፋዮች ዘዴ እዚህ ረዳ፦ ቁሱ በብዙ ትናንሽ ክፍሎች ይከፈላል፣ ለየክፍሉ የራሱ ጥንካሬ ይሰጣል፣ በስንጥቁ ጫፍ ዙሪያም ክፍልፋዩ ይደቃል። በ1972 ሆላንዳውያን ዘዴውን በአጥንት ላይ ሲያውሉት ጽሑፉ የወጣው በአጥንት ሐኪሞች መጽሔት መሆኑ ልብ ይሏል።

በሕያው አጥንት ውስጥ ጥቃቅን ስንጥቆች መኖራቸውን ፍሮስት በ1960 አሳይቷል። አጥንት እነዚህን እያፈረሰ ያድሳል፤ ብረትና ሴራሚክ ይህ የላቸውም።

ስሌቱ የማያየው ደግሞ የደም ዝውውርን ነው። አጥብቆ የታሰረ ቀርከሃ ጋንግሪን አስከትሎ በኢትዮጵያ እጅና እግር እንዲቆረጥ ምክንያት ሆኗል። በወጌሻ ታስሮ የመጣ ታካሚ ጣቶቹ ቀዝቅዘው፣ ደንዝዘው ወይም ገርጥተው ከተገኙ፣ ማሰሪያው ከማንኛውም ምርመራ በፊት ይፈታል።