ከአገዳ በሬ እስከ ሽቦ መኪና
(የወልዲያ፥ የመርሳና የሐብሩ ልጆች መጫወቻ ታሪክ)

የአገር ታሪክ በተጻፈ ጊዜ የነገሥታት ዙፋን፥ የጦር አለቆች ዘመቻና የታላላቅ ሰዎች ሥራ ቀድሞ ይነገራል። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሕዝብ በየዕለቱ የኖረበትን ኑሮ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ ትናንሽ ነገሮችም ዝቅ ብሎ መመልከት ይገባዋል። ከነዚህ ትናንሽ ነገሮች አንዱ የልጅ መጫወቻ ነው። መጫወቻ ማለት ሕፃን ያየውን ዓለም በገዛ እጁ መልሶ የሚሠራበት ዕቃ ስለ ሆነ፥ አዲስ ነገር ወደ አንድ አገር መግባቱን ከሹም ደብዳቤ ባልተናነሰ ሁኔታ ይመሰክራል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ በሰሜን ወሎ፥ በወልዲያና በመርሳ ከተሞች እንዲሁም በሐብሩ ገጠር ልጆች ሲሠሯቸውና ሲነዷቸው የኖሩትን መጫወቻዎች ታሪክ ባጭሩ ለመተረክ እንሞክራለን።

የልጅ መጫወቻ ታሪክ በዓለም ላይ እጅግ የቆየ ነው። በኢንዱስ ወንዝ ሸለቆ የጥንት ከተሞች ፍርስራሽ ውስጥ ከሸክላ የተሠሩ ትናንሽ ጋሪዎች ተገኝተዋል። ፒተር ብሩጌል የተባለው የፍላንደርስ ሠዓሊ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1560 ዓ.ም. በሣለው «የልጆች ጨዋታዎች» በተባለው ሥዕል ላይ የበርሜል ቀለበት እየመቱ የሚያንከባልሉ ልጆች ይታያሉ። ወደ እኛም አገር ብንመለስ፥ ማርሴል ግሪዮል የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ስለ ሐበሻ ጨዋታዎች ያዘጋጀውን መጽሐፍ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. አሳትሟል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም ስለ ገበጣ ሰፊ ጥናት በ1971 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር አውጥተዋል። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ጨዋታ ለሊቃውንትም የሚበቃ ቁም ነገር መሆኑን ነው።

ሐብሩ በደቡብ የሚሌ ወንዝ፥ በምሥራቅ የአፋር ምድር የሚያዋስኑት፥ ማሽላ በብዛት የሚበቅልበት ወረዳ ነው፤ ዋና ከተማውም መርሳ ናት። በዚህ ገጠር የቀድሞው ልጅ መጫወቻውን የሚያገኘው ከሁለት ነገር ነበር፤ ይኸውም ከጭቃና ከአገዳ ነው። እረኛው ከብቱን ወንዝ ዳር አሰማርቶ ጭቃ ያቦካል፤ ቀንዱን አሹሎ፥ ሻኛውን አጉልቶ በሬ ይሠራል፤ ከዚያም በፀሐይ ያደርቀዋል። የማሽላ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ደግሞ የአገዳውን ቅርፊት ይልጥና ስንጥሩን እንደ ችንካር፥ ነጩን ልቡን እንደ እንጨት አድርጎ ሞፈርና ቀንበር ይገጣጥማል። ሴቶች ልጆችም ከጨርቅና ከቆሮቆንዳ አሻንጉሊት ሠርተው፥ በገል ስባሪ ወጥ ሠርተው፥ እቃቃ ይጫወታሉ። በዚያ ዘመን ጭነት ሁሉ የሚጓጓዘው በአህያ፥ በበቅሎና በግመል ስለ ነበረ መንኰራኵር የዕለት ኑሮ ዕቃ አልነበረም። ልጁም ያላየውን አልሠራም፤ የሠራው አባቱ የሚያርስበትን በሬ፥ እናቱ የምትጋግርበትን ምጣድ ነበር።

መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ነገር ግን በአዲስ አበባ የታየው መኪና ለየጁና ለሐብሩ ልጅ ገና የሩቅ ወሬ ነበር። ነገሩን የለወጠው መንገድ ነው። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፥ ከአሥመራ ተነሥቶ በመቀሌ፥ በማይጨው፥ በኮረም፥ በአላማጣና በቆቦ አድርጎ ወልዲያ የሚደርሰው፥ ከዚያም በመርሳ፥ በውርጌሳና በውጫሌ አልፎ ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ተሠራ። መንገዱ የተሠራው ለጦር ሠራዊት ጭነት እንጂ ለሕዝቡ ጥቅም ታስቦ አይደለም። ሆኖም ወራሪው ከተባረረ በኋላ መንገዱ የሀገሩ ሆነ፤ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ከተቋቋመ ወዲያም የመንገድ ጥበቃና ጥገና ሥርዓት ያዘ።

በዚህ ጎዳና ላይ የመጀመሪያዎቹ ታላላቅ የጭነት መኪናዎች የኢጣልያ ሥራ ነበሩ። ፊያት 634 የተባለውን ሕዝቡ ቁጥሩን ከነቋንቋው ወስዶ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው፤ ትርጓሜውም ሠላሳ አራት ማለት ነው። ቀጥሎም በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ መሠራት የያዘው የፊያት 682 ወገን መጣ፤ ከርሱም «ኤን ትሬ» የተባለው ዓይነት በኢትዮጵያ ዳገትና ቁልቁለት ሁሉ የታወቀ ሆነ። ወልዲያ ወደ ላሊበላና ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ስለ ሆነች፥ ሹፌሩም ረዳቱም፥ መካኒኩም ጎሚስታውም የሚሰበሰቡባት ቦታ ሆነች። መርሳም በወልዲያና በደሴ መካከል ያለች የመንገድ ዳር ከተማ ናትና፥ የሚያልፈው መኪና ሁሉ በልጆቿ ፊት ያልፋል።

የሽቦ መኪና የተወለደው ከዚህ መንገድ ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ጠንካራ ሽቦ ተፈልጎ በድንጋይ ይቃናል፤ ከዚያም ሻንሲው፥ ጋቢናውና ስፖንዳው በየመልኩ ይታጠፋል። መጋጠሚያው በቀጭን ሽቦ ወይም ከጎማ በተቀደደ ክር ይታሰራል። ለእግሩ የጠርሙስ ቆርኪ፥ የጫማ ቀለም ጣሳ፥ ወይም ካለቀ ጫማ በክብ የተቆረጠ ሶል ይሆናል። ከፊተኛው እግር ጋር ተያይዞ እስከ ልጁ ወገብ የሚደርስ ረጅም ሽቦ ይወጣል፤ ጫፉም በክብ ተጠምዝዞ መሪ ይሆናል። ልጁ ቆሞ እየሮጠ፥ መሪውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲያዞር የፊቱ እግር አብሮ ይዞራል። ጭነት ያስፈለገ እንደ ሆነ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ይጫናል። የሞተሩን ድምፅ የሚያወጣው የልጁ አፍ ነው፤ ማርሹም የሚለወጠው በዚያው በአፉ ነው።

እንዲህ ያለው ዕቃ ለብቻው የሚነዳ አልነበረም። ልጆቹ ተሰብስበው አፈሩን በእጃቸው ጠርገው መንገድ ያወጣሉ፤ በቦዩ ላይ በጠጠር ድልድይ ይገነባሉ፤ በክርም ኬላ ይዘጋሉ። በአላማጣና በኮረም መካከል ያለው የግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ የሹፌሮች ሁሉ ወሬ ስለ ነበረ፥ በአፈር ክምር ላይ እርሱን አስመስሎ ያወጣ ልጅ ይመሰገን ነበር። ከዚያም እሽቅድምድም ይጀመራል። መኪናው የተገለበጠበት ይወጣል፤ ድልድዩን ያፈረሰ መልሶ ይሠራል።

በወልዲያ ዳገታማ መንደሮች ደግሞ ሌላ ዓይነት እሽቅድምድም ነበረ። ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ያገኘ ልጅ ሳንቃ ላይ አራቱን ይገጥምና፥ በላዩ ተቀምጦ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ፍሬኑ ተረከዙ ነው። ብዙ ጉልበትም የተላጠው በዚህ ጨዋታ ነው። የብስክሌት ቸርኬ በእንጨት እየገፉ መንዳትም እንዲሁ በየመንደሩ የታወቀ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ከላይ የጠቀስናቸው ብዙዎቹ ቃላት፥ ጎማ፥ ጋቢና፥ ስፖንዳ፥ ኩሽኔታ፥ ቸርኬ፥ ጎሚስታ፥ ሁሉም ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። እነዚህን ቃላት ወደ ገጠር ያደረሳቸው መምህር ወይም መጽሐፍ አይደለም። ረዳቱ ከመካኒኩ፥ ልጁም ከረዳቱ ሰማ፤ ሰምቶም በሽቦው ላይ አዋላቸው። ስለዚህ የሽቦ መኪና መጫወቻ ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያው የመካኒክነት ትምህርት ቤት ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ክብደት ወደ አንድ ወገን ሲያደላ ዕቃው እንደሚገለበጥ፥ የተሽከርካሪ እግር መሐሉ በትክክል ካልተበሳ እንደሚያነክስ ልጁ የተማረው ከጥቁር ሰሌዳ ሳይሆን ከቆርኪው ነው።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም የነበረውን ስናይ ንጽጽሩ ያስተምራል። በእንግሊዝ አገር ፍሬድ ፍራንሲስ የተባለ ሰው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. «ስካሌክስትሪክ» የተባለውን የኤሌክትሪክ መኪና እሽቅድምድም ለገበያ አቀረበ። ይህ መጫወቻ ሁለት ስንጥቅ ያለበት መንገድ አለው፤ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ኤሌክትሪክ የሚተላለፍበት ብረት ተዘርግቷል፤ ከትንሿ መኪና ሥር የወጣው ዘንግ ወደ ስንጥቁ ይገባና መኪናዋን ይመራታል። ተጫዋቹ በእጁ በያዘው መቈጣጠሪያ ኤሌክትሪኩን ሲጨምር ትፈጥናለች፤ ሲቀንስ ታዘግማለች፤ በጠመዝማዛው ላይ ካበዛ ግን ከመንገዷ ወጥታ ትወድቃለች። በአሜሪካ በ1960ዎቹ ዓመታት ለዚሁ ጨዋታ የሚሆኑ አዳራሾች በየከተማው ተከፍተው ነበር፤ አብዛኞቹ ግን ያው አሥርት ዓመት ሳይጠናቀቅና ወዲያው ከተጠናቀቀ በኋላ ተዘጉ። ዛሬ በዚያ ያደጉ ሽማግሎች የልጅነታቸውን መኪና በብዙ ገንዘብ ፈልገው ይገዛሉ።

ሁለቱን ብናነጻጽር፥ የለንደኑ ልጅ ፍጥነትን ያዝዛል እንጂ አቅጣጫን አያዝዝም፤ መንገዱ አስቀድሞ ተቀዶለታል። የመርሳው ልጅ ግን ሞተሩ የገዛ እግሩ ስለ ሆነ ከሩጫው በላይ ፍጥነት አያገኝም፤ አቅጣጫው ግን በእጁ ነው። የመጀመሪያው ልጅ የተሠራ ነገር ተቀበለ፤ ሁለተኛው ያልነበረ ነገር ሠራ። ይህን የምንለው ድህነትን ለማወደስ አይደለም። የመርሳው ልጅ ሽቦ ያጣመመው የሚገዛለት ስላልነበረ ነው፤ ቢገዛለት ኖሮ ደስ ባለው ነበር።

ድህነትንም ካነሣን፥ ይህ መንገድ ያየው መከራ ሊዘለል አይገባም። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረኀብ በጸና ጊዜ፥ የተራበው ሕዝብ ከየገጠሩ ወጥቶ በዚሁ አውራ ጎዳና ዳር ተሰበሰበ፤ የሚያልፈውንም መኪና እየለመነ አስቆመ። በ1977ም መከራው ተደገመ። መኪና እያዩ ያድጉ የነበሩ ልጆች መኪናን የእህል ተስፋ አድርገው ጠበቁት፤ ስንቶቹም ሳይደርስላቸው ቀሩ። ከእርዳታው እህል ጋር የመጣው የዘይት ቆርቆሮ፥ በላዩ ሁለት የተጨባበጡ እጆች የታተሙበት፥ ዘይቱ ካለቀ በኋላ ለተረፉት ልጆች የመኪና አካል ሆነ። አንድ ቆርቆሮ ረኀብንና ጨዋታን አብሮ የያዘ የታሪክ ማስረጃ ሆኖ መገኘቱ የሚያስደንቅም የሚያሳዝንም ነው።

በቅርቡም፥ በ2013ና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ወልዲያና አካባቢዋ የጦር ሜዳ ሆነው ነበር። ጦርነት ካለፈ በኋላ በየሜዳው የሚቀረው ብረት እንደ ድሮው ሽቦና ቆርኪ አይደለም፤ ያልፈነዳ መሣሪያ ብዙ ልጆችን ለሞትና ለአካል ጉዳት ዳርጓል። የወደቀ ብረት አንሥቶ መጫወቻ ማድረግ የኖረ የልጆች ልማድ በሆነበት አገር፥ ይህ አደጋ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መምህራን የማያውቁትን ብረት እንዳይነኩ፥ ባዩም ጊዜ ለታላቅ ሰው እንዲናገሩ ልጆችን ሳይታክቱ ማስተማር ይገባቸዋል።

ዛሬ በየሱቁ ከውጭ የመጣ የላስቲክ መኪና በርካሽ ይገኛል፤ የእጅ ስልክም የልጁን ዓይን ይዞታል። የሽቦ መኪና የሚሠራ ልጅ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ነገር ግን ቍጥሩ እየቀነሰ ሄዷል። ይህንን በልቅሶ ብቻ መቀበል አይበቃም። በኑረምበርግ ከተማ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. የመጫወቻ ሙዚየም ተከፍቷል። በአዲስ አበባም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሕዝባችንን ባህል ከልጅነት እስከ ሞት በሕይወት ቅደም ተከተል አዘጋጅቶ ያሳያል። የሽቦው መኪና ግን ከብራና መጽሐፍ ይልቅ በቶሎ የሚጠፋ ዕቃ ነው፤ ይዝጋል፥ ይረገጣል፥ ይጣላል። የደሴ ሙዚየም በጦርነቱ ጊዜ የደረሰበት ዝርፊያና ጉዳት ደግሞ፥ ተሰብስቦ የተቀመጠውም ቢሆን ተመዝግቦና ተባዝቶ ካልተያዘ አስተማማኝ እንዳልሆነ አሳይቶናል።

ስለዚህ በወልዲያ፥ በመርሳና በሐብሩ ያሉ ትምህርት ቤቶች አንድ ቀላል ሥራ ሊጀምሩ ይችላሉ። ተማሪዎች አባቶቻቸውንና እናቶቻቸውን፥ አያቶቻቸውንም እየጠየቁ የመጫወቻዎቹን ስም፥ የተሠሩበትን ነገርና የአሠራሩን ደንብ ይጻፉ፤ የሚችሉም በእጃቸው ሠርተው ያምጡ። በእጅ ሥራ ትምህርት ጊዜ የጭቃው በሬ፥ የአገዳው ሞፈርና የሽቦው መኪና ጎን ለጎን ቢቀመጡ፥ የአገሪቱ የመቶ ዓመት ታሪክ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይታያል። ለዚህም ሥራ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የሚያውቁት ሽማግሎችና አሮጊቶች በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ብቻ ነው።