የእድር ደብተርና የመቃብር መዝገብ በሞት ቆጠራ ታሪክ

በምዕራብ ዓባያ ወረዳ፣ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ በሚያልፍባቸው የሐይቁ ዳር ቀበሌዎች፣ ሰው ሲሞት ወሬው አስቀድሞ የሚደርሰው ለጤና ኬላው ሳይሆን ለእድሩ ነው። አባላት ይጠራሉ፣ መቃብር ይቆፈራል፣ ድንኳን ይተከላል፤ የእድሩ ጸሐፊም ደብተሩን ገልጦ የሟቹን ስም፣ ከአባሉ ጋር ያለውን ዝምድና፣ ዕለቱንና የተከፈለውን ገንዘብ ይጽፋል። በዚያው ወር ከጤና ኬላው ወደ ጤና ጣቢያ በሚላከው ሪፖርት ላይ ግን የሞት ዓምዱ ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በገጠር ያገለገለ የጤና ባለሙያ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሁለቱ መዝገቦች በአንድ ቀበሌ እየኖሩ አይተዋወቁም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቀብር መዝገብ ለሕክምና ሙያ ምን እንዳበረከተና ምን እንደሰወረ ከታሪክ መመልከት ነው።

የሕዝብ ጤና ስታቲስቲክስ ከመቃብር የተወለደ ትምህርት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የለንደን አጥቢያዎች በየሳምንቱ የሚቀበሩትን ሰዎች ቁጥር እያሳተሙ ያወጡ ነበር። ሐኪም ያልነበረው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ጆን ግራውንት እነዚህን ወረቀቶች ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1662 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ስንት ሕፃናት ለአቅመ አዳም ሳይደርሱ እንደሚሞቱና ወረርሽኝ እንዴት እንደሚመላለስ በቁጥር አሳየ። የሞቱን ምክንያት ለአጥቢያው ያሳውቁ የነበሩት አስከሬን እንዲያዩ የተመደቡ አሮጊቶች ነበሩ። ግራውንት በነዚህ ሴቶች ላይ ያቀረበው ትችት ዛሬም የሚነበብ ነው፤ ቂጥኝ የገደለው ሰው ቤተሰብ ጠላ መሰል መጠጥ አቅርቦና ጥቂት ሳንቲም ጨምሮ በሽታው በሌላ ስም እንዲጻፍ ያደርግ ነበር። የሚያሳፍር በሽታ በመዝገብ ላይ ስሙን እንደሚለውጥ ያኔውኑ ታውቆ ነበር ማለት ነው።

በአገራችን ፍትሐቱ፣ ተዝካሩና ሙት ዓመቱ ሟቹን በቤተሰቡና በአጥቢያው መታሰቢያ ውስጥ ሲያኖሩት የቆዩ ቢሆንም፣ መታሰቢያ ቆጠራ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር አዲስ አበባን የመታው የኅዳር በሽታ ያጠፋው ሕዝብ ቁጥር እስካሁን በግምት የሚነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በደጋና በወይና ደጋ አካባቢዎች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህሉን እንደገደለ ይጠቀሳል፤ ይህም ከመዝገብ የተደመረ ሳይሆን በኋላ የተገመተ ነው። ሕጉም ቢሆን ዘግይቶ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ በዝርዝር ከደነገገ በኋላ፣ በአንቀጽ 3361 እነዚሁ ድንጋጌዎች ሌላ ትእዛዝ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪወጣ ድረስ እንዳይሠራባቸው አገደ። ያ እገዳ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዘለቀ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው።

በዚህ መካከል አንድ ትልቅ ወረርሽኝ መጣ። የኤች አይ ቪ ስርጭት በደም ናሙና ይለካ ነበር፤ የገደላቸውን ሰዎች ግን የሚቆጥር አልነበረም። በ1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2001) የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን በከተማይቱ በሚገኙ የቤተ ክርስቲያን፣ የሙስሊምና የማዘጋጃ ቤት መቃብር ስፍራዎች የቀብር ክትትል ጀመረ። በየመቃብሩ የተመደቡ ጸሐፊዎች የሟቹን ዕድሜ፣ ጾታ፣ አድራሻና ቀባሪዎች የተናገሩትን የሞት ምክንያት ይመዘግቡ ነበር። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ለቅሶ ላይ ያለን ሰው «በምን ሞተ?» ብሎ መጠየቅ ግን ቀላል አይደለም።

ግራውንት የታዘበው ነገር እዚህም ተደገመ። ኤድስ ብሎ የሚያስመዘግብ ቤተሰብ ጥቂት ነበር፤ የሳንባ በሽታ ወይም ቲቢ የሚለው መልስ ግን በብዛት ይሰማ ነበር። ተመራማሪዎቹ መልሱን ሐሰት ብለው አልጣሉትም። የቀባሪዎችን ቃል ከሆስፒታል ምርመራ ውጤት ጋር አስተያይተው፣ የትኛው የአነጋገር ዘይቤ ምን ያህል ኤድስን እንደሚያመለክት ለኩ። ለዚህ ጸሐፊ ከሁሉም የሚያስደንቀው ይህ እርምጃ ነው፤ ሕዝቡ ሐዘኑንና ክብሩን የሸፈነበትን ቃል ሳይገፉ፣ ቃሉ የሚሸከመውን እውነት በቁጥር አወጡት። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. በኋላ በኤድስ ምክንያት የሚሞቱ አዋቂዎች ቁጥር በፍጥነት ማሽቆልቆሉ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት የተገለጸው በዚሁ የቀብር መዝገብ አማካይነት ነው። መድኃኒቱ በከተማ ሕዝብ ደረጃ ሕይወት ማዳኑን ከመሰከሩት ቀዳሚ ማስረጃዎች አንዱ ከመቃብር በር ላይ ተገኘ።

ታዲያ የምዕራብ ዓባያ የእድር ደብተርስ እንዲህ ሊያገለግል ይችላልን? በከፊል። ደብተሩ የተዘጋጀው ለገንዘብ ነው፤ ክፍያ ያላስከተለ ሞት አይገባበትም። አባል ያልሆነ ድሃ፣ ለእርሻ ሥራ ከሌላ ቦታ የመጣ የቀን ሠራተኛ፣ ከደጋው ወርዶ ሰፍሮ አስከሬኑ ወደ ትውልድ ቀዬው የተወሰደ ሰው ሊቀር ይችላል። ከሁሉ ይልቅ ግን የሚቀረው ጨቅላ ሕፃን ነው። በተወለደ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ለሞተ ሕፃን ድንኳን ላይተከል፣ ለቀስተኛ ላይጠራ ይችላል። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስለሚጠመቁ፣ ከዚያ በፊት የሞተ ሕፃን እንደ ተጠመቀ ሰው ያለ ፍትሐት አይደረግለትም። እናቲቱ በቤቷ ታለቅሳለች፤ ጎረቤትም «እግዚአብሔር ሌላ ይስጥሽ» ብሎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ግን በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 29ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ይህ ቁጥር የተገኘው እናቶችን አንድ በአንድ በመጠየቅ ነው።

ነገሩ በእኛ ብቻ የሚታይ አይደለም። የአየርላንድ ገጠር ሕዝብ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናትን «ኪሊን» በሚባሉ፣ ከአጥቢያው መቃብር በተለዩ ስፍራዎች ሲቀብር ኖሯል። ልማዱ እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ደርሷል፤ ስለ ነዚህ ሕፃናት በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ማግኘት የሚቻለው እጅግ ጥቂት ነው። አየርላንድ ግን ከ1864 ጀምሮ በመንግሥት የሚያዝ የሞት መዝገብ ነበራት፤ ይህም በኋላ አንድ ከባድ ነገር አጋለጠ። በጎልዌይ አውራጃ በቱአም ከተማ ከ1925 እስከ 1961 ላላገቡ እናቶች በነበረው ማቆያ የሞቱ 796 ሕፃናትን የሞት ምስክር ወረቀት ካትሪን ኮርለስ የተባሉ የአካባቢ ታሪክ አጥኚ አሰባስበው ከመቃብር መዝገቦች ጋር ቢያስተያዩ፣ የተቀበሩበት ቦታ የተመዘገበላቸውን ማግኘት አልቻሉም ማለት ይቻላል። ነገሩ በ2014 ለዓለም ተሰማ፤ በ2017 መርማሪ ኮሚሽን በስፍራው ከመሬት በታች የሕፃናት አፅም መገኘቱን አረጋገጠ፤ ሰፊው ቁፋሮ በ2025 ተጀመረ። ኮርለስ የተጠቀሙበት ዘዴ ሁለት መዝገቦችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ነበር።

ለእኛ ጎረቤት የሆነ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ ኢትዮጵያ ገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌያቸው ልደትን እንዲመዘግቡ ተደርጎ በአንድ ዓመት ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ልደቶች ተመዝግበዋል፤ የእናቶችም ሞት ከ100 ሺህ በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 489 ሆኖ ተገኝቷል። በ2009 የተቋቋመው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕዝብና ጤና ክትትል ጣቢያም በአርባ ምንጭ ዙሪያ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት ይከታተላል፤ የሞትን ምክንያት ከቤተሰብ በቃለ መጠይቅ ያጣራል። እንዲህ ያለ ጣቢያ ግን በየወረዳው ሊቋቋም አይችልም።

በሌላው ወረዳ ያለው የጤና ባለሙያ ሊያደርግ የሚችለው ከእድሩ ጸሐፊ ጋር በየወሩ ተቀምጦ የሟቾችን ዝርዝር ከጤና ኬላውና ከቀበሌው የክብር መዝገብ ጋር ማመሳከር ነው። ደብተሩ የአባላት ንብረት ስለሆነ የእድሩ ዳኛ ፈቃድ ይጠየቅ፤ የሞቱ ምክንያት በጉባኤ ፊት አይነሣ። የጨቅላ ሕፃናትን ሞት በተመለከተ ግን ደብተሩን ማገላበጥ አይጠቅምም። የሚጠቅመው የነፍሰ ጡሮችን መዝገብ ከልደት መዝገቡ አጠገብ ማስቀመጥ ነው፤ የመውለጃ ጊዜዋ አልፎ የወሊድ ውጤቷ ያልተሞላ እናት ስትገኝ፣ ወደ ቤቷ ሄዶ፣ ቡናው እስኪፈላ ታግሦ መጠየቅ።