እንፋሎት የሌለው ባቡር

በጅቡቲ፣ ከአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ፣ ነጋድ ጣቢያ የሚደርሰው ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ስሙ ግን እንፋሎት ማለት ነው። ጣልያኖች «ቫፖሬ»፣ ፈረንሳዮች «ቫፐር» የሚሉትን ዐረብኛ «ቭ»ም «ፕ»ም የለውምና «ባቡር» አለው፤ የእንፋሎት መርከብንም ጠራበት። የእንግሊዝኛው «ትሬን» ከመጎተት የመጣ ነው፤ አማርኛ ግን የመኪናውን ትንፋሽ ያዘ።

ሐዲድም አላሻውም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በተራ መንገድ የሄደው የሰርኪስ ተርዚያን የእንፋሎት መኪና «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ፤ በገጠር የእህል ወፍጮውም ባቡር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ፣ ጣቢያው ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ለገሃር ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው መስመር ከከተማው ዳር ከለቡ ቢነሣም፣ ሰፈሩ ዛሬም ለገሃር ነው።