የአረጋውያን የጤና መሠረተ ትምህርትና የአእምሮ ችሎታ፤ የምርምሩ አጭር ታሪክ

አንድ አረጋዊ ከጤና ጣቢያ ይዘው የተመለሱትን መድኃኒት በታዘዘው መሠረት መውሰድ ሲሳናቸው የችግሩን ምንጭ ለይቶ ማወቅ ቀላል አይደለም። ምክንያቱ የአእምሮ መድከም፣ በልጅነት ዘመን ትምህርት አለማግኘት ወይም የጽሑፉ አስቸጋሪነት ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሦስት ምክንያቶች ለመለየት ባለፉት ሃምሳ ዓመታት በተለይ በአሜሪካ የተካሄደው ምርምር ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ጠቃሚ ታሪክ አለው።

«የጤና መሠረተ ትምህርት» ሲባል የጤና መረጃን አንብቦ፣ ተረድቶ በሥራ ላይ የማዋል ችሎታ ማለት ነው። የሐሳቡ መነሻ የትምህርት መስክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ስኮት ሳይመንድስ የተባሉት የጤና ትምህርት ምሁር በዚህ ስያሜ ተጠቅመው፣ በየክፍል ደረጃው ዝቅተኛ መመዘኛ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረቡ። ትኩረታቸው በተማሪዎች ላይ እንጂ በአረጋውያን ላይ አልነበረም።

በተከታዩ ዓመት ማርሻል ፎልስታይንና ባልደረቦቻቸው የአእምሮን ሁኔታ በአጭር ጊዜ የሚመዝን፣ ከ30 ነጥብ የሚታሰብ ፈተና አሳተሙ። ፈተናው ቀንና ቦታን ማወቅን፣ ሦስት ቃላትን ማስታወስንና ከመቶ እየቀነሱ መቁጠርን ይጠይቃል። ከዚህም ሌላ ተፈታኙ አጭር ትእዛዝ አንብቦ እንዲፈጽም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍና ሥዕል አይቶ እንዲገለብጥ ያዛል። ስለሆነም ፊደል ያልቆጠረ ሰው አእምሮው ጤናማ ቢሆንም ነጥብ ማጣቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ፣ 18,056 ሰዎችን ያካተተ ጥናት ይህንኑ አረጋገጠ። 9 ዓመትና ከዚያ በላይ የተማሩት አማካይ ቦታ የያዘው ውጤት 29፣ ከ5 እስከ 8 ዓመት የተማሩት 26፣ ከ4 ዓመት ያልበለጠ የተማሩት ደግሞ 22 ሆኖ ተገኘ። በዚህም ምክንያት የትምህርት ደረጃን ሳያገናዝቡ በነጥብ ብቻ የአረጋዊን አእምሮ መፍረድ ስሕተት መሆኑ ግልጽ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ የጤና መሠረተ ትምህርትን የሚለካ ፈተና ተዘጋጀ። የፈተናው ጥያቄዎች የተወሰዱት ሕመምተኞች በየዕለቱ ከሚያገኟቸው ጽሑፎች፣ ለምሳሌ ከመድኃኒት ጠርሙስ መመሪያና ከቀጠሮ ወረቀት ነበር። በዚሁ መለኪያ አጭር ቅጂ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 3,260 አረጋውያን ተፈትነው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ታተመ። ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ 33.9 በመቶ፣ ከስፓኝኛ ተናጋሪዎቹ 53.9 በመቶ የሚሆኑት በቂ ችሎታ አልነበራቸውም።

ይሁን እንጂ ማንበብ ብቻውን መረዳት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት 395 ጎልማሶች የመድኃኒት መመሪያዎችን እንዲያነቡ ተደረገ። ንባባቸው ዝቅተኛ ከሆነው መካከል 71 በመቶ ያህሉ «ሁለት ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ» የሚለውን መመሪያ በትክክል ተናገሩ። በቀን የሚወሰደውን ፍሬ ቆጥረው እንዲያሳዩ በተጠየቁ ጊዜ ግን የተሳካላቸው 35 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ሁለቱ የምርምር መስመሮች በጉልህ የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው የቺካጎ ጥናት ነው። በጥናቱ ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 74 የሆነ 882 ሰዎች በሁለቱም ዓይነት ፈተናዎች ተመዘኑ። የአእምሮ ችሎታ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው እንደ ቃላት ዕውቀት ያለ፣ በዘመን ብዛት የተከማቸና በእርጅና ብዙም የማይጎድል ነው። ሁለተኛው አዲስ ነገርን በፍጥነት የመረዳትና በልብ ይዞ የማገናዘብ ችሎታ ሲሆን ዕድሜ ሲገፋ ይቀንሳል። የጤና ንባብ ውጤት ከሁለቱም ጋር በጥብቅ የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ብዙ መመሪያ በአንድ ጊዜ የሚያሸክም ጽሑፍ የተማረውንም አረጋዊ ያስቸግራል።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረውና በ15 ቋንቋዎች በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ20 ዓመታቸው ፊደል የቆጠሩ ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ሆነዋል። እርጅናን ማስቀረት፣ ያለፈውንም የትምህርት ዘመን መመለስ አይቻልም። ጽሑፉን ማቅለል ግን ይቻላል። ለአረጋውያን የሚዘጋጅ የጤና ጽሑፍ አንድ መመሪያ በአንድ ጊዜ ቢያቀርብ፣ መጠኑን ከሰዓቱ ጋር ለይቶ ቢገልጽ፣ አስተማሪውም «ገባዎት?» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ፍሬውን ቆጥረው እንዲያሳዩት ቢጠይቅ፣ የአእምሮ ድካም እየተባለ ከሚታለፈው ችግር ከፊሉ የማስተማር ዘዴ ጉድለት መሆኑ ይታያል።