ስለ ተሸጠው የቤዝቦል ጨዋታ

የአሜሪካን ሕዝብ ቤዝቦልን እንደ ብሔራዊ ጨዋታው አድርጎ ይቈጥረዋል። አንዱ ኳስ ይወረውራል፥ ሌላው በዱላ ይመታል፤ ዱላው ግን እንደ ገና ዱላችን ቆልማማ ሳይሆን ቀጥ ያለ ነው። ከዘጠኙ ተጫዋቾች ይልቅ ወርዋሪው ኀይል አለው፤ እርሱ ክንዱን ጥቂት ካላላ የስምንቱ ጓደኞቹ ድካም ከንቱ ይሆናል። ቁማርተኞች ይህን ከማንም አስቀድመው የተረዱት ይመስለናል። እኛም የጨዋታውን ውበት ለሌሎች ትተን፥ ጨዋታው እንዴት እንደ ተሸጠና ቅጣቱ በማን ላይ እንደ ወደቀ ለመመርመር አስበናል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ተጫዋቾች በግልጽ ደመወዝ መቀበል ሳይጀምሩ ነው። በ1865 ሙቹዋልስ የተባለው የኒው ዮርክ ቡድን በኤክፎርድ ቡድን 23 ለ11 ተሸነፈ። ዋንስሊ የተባለው ተጫዋች 100 ዶላር ተቀብሎ ለሁለት ጓደኞቹ ሠላሳ ሠላሳ ዶላር አካፍሏቸው ኖሮ ምስጢሩ ወጣ፤ ሦስቱም ተባረሩ። ነገር ግን ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ሁሉም ይቅር ተባሉ።

ናሽናል ሊግ በ1876 ሲቋቋም ግን ቅጣቱ ጠነከረ። በ1877 የሉዊቪል ቡድን ለአሸናፊነት ተቃርቦ ሳለ በድንገት መሸነፍ አበዛ። የቡድኑ ሹማምንት የተጫዋቾቹን ቴሌግራም ቢመረምሩ፥ «ሳሽ» ማለት መቀነት የምትል ቃል አገኙ፤ ጨዋታው መሸጡን የምታስታውቅ የምስጢር ምልክት ነበረች። ታላቁ ወርዋሪ ዴቭሊንና ሦስት ጓደኞቹ ለዕድሜ ልካቸው ታገዱ። ከአራቱ አንዱ ክሬቨር ጉቦ መቀበሉ አልተረጋገጠበትም፤ ቴሌግራሙ እንዲነበብ ስላልፈቀደ ግን አብሮ ተቀጣ። ዴቭሊን ምሕረት እየለመነ በ1883 ሞተ።

ይሁን እንጂ የቡድን ባለቤቶች በሌላው በኩል ያደረጉትን መዘንጋት አይገባም። ከ1879 ጀምሮ አንዱ ቡድን የያዘውን ተጫዋች ሌላው እንዳይቀጥረው ተስማሙ፤ ስምምነቱ በመጀመሪያ ለአምስት አምስት ሰዎች ብቻ ነበር፥ በኋላ ግን ሁሉንም ያዘ። ደመወዙ ያነሰበት ሰው ወደ ሌላ ቡድን መሄድ አይችልም ነበር። ይህ ሌብነትን ጽድቅ አያደርገውም፤ ነገር ግን ቁማርተኛው በማን በር ቆሞ ይጠብቅ እንደ ነበረ ያስረዳናል።

ባለቤቶቹም ማየት ያልፈለጉትን አያዩም ነበር። ሃል ቼስ ጨዋታ በመሸጥ ለብዙ ዘመን ሲታማ ኖረ። በ1918 አሠልጣኙ ክሪስቲ ማቲውሰን ከሰሰው፤ የሊጉ ፕሬዚዳንት ሄይድለር ግን ማስረጃ የለም ብለው በ1919 ነጻ ለቀቁት። በዚያው ዓመት የኒው ዮርክ ጃያንትስ ቡድን ቼስን ተቀበለው፤ ማቲውሰንም በዚያው ቡድን ረዳት አሠልጣኝ ነበር! ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደ ተባባሉ ብናውቅ ደስ ባለን።

ከዚህ በኋላ የ1919 የዓለም ሻምፒዮና መጣ። ኋይት ሶክስ፥ ማለት ነጭ ካልሲዎች፥ የተባለው የቺካጎ ቡድን ያሸንፋል ተብሎ ሲጠበቅ በሲንሲናቲ 5 ለ3 ተረታ። ወርዋሪው ሲኮት ከጨዋታው በፊት 10,000 ዶላር ተቀብሎ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያውን መቺ ጀርባውን በኳስ መታው፥ ይህም ለቁማርተኞቹ ምልክት ሆነ። ሁለተኛው ወርዋሪ ዊልያምስ የጣላቸውን ሦስት ጨዋታዎች ሁሉ ተሸነፈ። ጆ ጃክሰን 5,000 ዶላር ቢቀበልም 12 ጊዜ በደኅና መትቷል።

በ1920 መስከረም ላይ ሲኮትና ጃክሰን በመርማሪ ሸንጎ ፊት ቃላቸውን ሰጡ፤ ቡድኑም ከዚያ ወዲህ «ጥቁር ካልሲዎች» ተባለ። የቃላቸው መዝገብ ከፍርዱ በፊት ጠፋ። በነሐሴ 2 ቀን 1921 ፍርድ ቤቱ ነጻ ለቀቃቸው። በማግሥቱ ግን አዲሱ ኮሚሽነር ዳኛ ላንዲስ ስምንቱንም ለዘለዓለም አገዷቸው። ጨዋታ የሸጠ ብቻ ሳይሆን፥ ከቁማርተኞች ጋር ተቀምጦ ሲመከር ሰምቶ ለቡድኑ ያልተናገረም እንዳይጫወት ወሰኑ።

ይህ የመጨረሻው ቃል የተነጣጠረው በባክ ዊቨር ላይ ነው። ዊቨር ምክሩን ሰማ፥ አንድ ሳንቲም ግን አልተቀበለም፤ በሻምፒዮናው 11 ጊዜ በደኅና መታ፥ በመከላከልም አንድ ስሕተት አልተቈጠረበትም። ታዲያ ጥፋቱ ዝምታው ነበር። እኛ በክፍላችን ስለዚህ ስንከራከር ሁለት ወገን ሆነን ነበር። በበኩላችን የላንዲስን ሕግ እንቀበላለን፤ እርሱ ባይጸና ኖሮ ተመልካቹ ባዶ ሜዳ ትቶ በሄደ ነበር። የማንቀበለው ሕጉ በአንድ ወገን ብቻ መሥራቱን ነው። የቡድኑ ባለቤት ኮሚስኪ ሻምፒዮናው ሳያልቅ ጥርጣሬውን ሰምተው ነበር፤ ሆኖም ከስምንቱ ሰባቱን በ1920 እስከ መስከረም መጨረሻ አሰልፈው ከተመልካቹ ገንዘብ ሰበሰቡ። ስለ እርሳቸው ዝምታ የጠየቀ የለም። ስሙ የተነሣው የኒው ዮርኩ ቁማርተኛ ሮትስታይንም አልተከሰሰም።

ዊቨር እገዳው እንዲነሣለት ደጋግሞ አመልክቶ፥ ሳይሳካለት በ1956 በቺካጎ ሞተ። በሜይ 2025 ኮሚሽነር ሮብ ማንፍሬድ የዕድሜ ልክ እገዳ በሞት ያበቃል ብለው ሲወስኑ የዊቨርና የሰባቱ ጓደኞቹ ስም ከታገዱት መዝገብ ወጣ። ዊቨር ከሞተ 69 ዓመት ሆኖት ነበር። ውሳኔው የተሰጠው ሞተዋል ተብሎ እንጂ አልበደሉም ተብሎ አይደለም።